የጋሽ እንየው እግር ለማን ይቁም?

በአንድ ወቅት፣ ያውም በጣም ሩቅ ባልሆነ፣ ስልክ የሰውን ደም መሰለል በጀመረበት ወቅት፣ በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ባለችው በደጀን ከተማ ጋሽ እንየው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌ ስል ዕድሜያቸውን ብቻ አይደለም፤ ሥራቸውንም ነው። ለልጁ ሚስት የሚያጭ፣ ሚስቱ አኩርፋ እናቷ ቤት የገባችበት፣ ከወንድሙ ጋር በድንበር የተጣላ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነበር።

ጋሽ እንየው እምቢ ተብለው አያውቁም። ምስጢሩ ምላሳቸው እንዳይመስላችሁ፤ ምላስማ ደጀን ውስጥ ሞልቷል። ምስጢሩ እግራቸው ነበር። እንደምታውቁት ሽማግሌ ሰው ደጅ ደርሶ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲባል «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰምር አንቀመጥም» ብሎ ይቆማል። ሌላው ሽማግሌ ትንሽ ይቆምና ወገቡን ይይዛል፣ ግድግዳ ይደገፋል፣ በርጩማ ሲያይ ጉዳዩን ረስቶ ዘፍ ይላል። ጋሽ እንየው ግን ዱላቸውን ተመርኩዘው እንደቆሙ ፀሐይ ትዞርባቸዋለች። የልጅቱ አባት መጀመሪያ ይኮራል፣ ቀጥሎ ይሰለቻል፣ ቀጥሎ ያፍራል፣ በመጨረሻ «በሉ እሺ፣ ስለ እግዜር ብላችሁ ተቀመጡ!» ይላል። አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዳስ መጣል ነው።

እንግዲህ የታመመው ይኼው እግር ነው።

ስኳር እንዳለባቸው ካወቁ ቆይተዋል፤ ክኒናቸውንም ይውጣሉ። አንድ ቀን ታዲያ ጫማቸው ውስጥ የበቀለች ሚስማር የግራ አውራ ጣታቸውን ወግታ ቀኑን ሙሉ ይዘዋት ሲዞሩ ምንም አልተሰማቸውም። ቤት ገብተው ጫማቸውን ሲያወልቁ ባለቤታቸው እትዬ የሻረግ «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ደም የማን ነው?» ብለው ጮኹ። ጋሽ እንየው ጎንበስ ብለው አዩና «የእኔ ሳይሆን አይቀርም» አሉ።

ቁስሉ አልድን አለ። ሐኪም ቤት ሄዱ። ዶክተሯ ወረቀቱንም ጣቱንም እያገላበጠች አየችና «አባቴ፣ ጠዋት ጠዋት ሲለኩ ስኳርዎ ጨዋ ነው። የሦስት ወሩን የሚናገረው ምርመራ ግን ሌላ ወሬ ያወራል። በመሃል ምን እየበሉ ነው?» አለቻቸው።

«ምንም አልበላም ልጄ። የሻረግ ትመስክር፤ እንደ ወፍ ነው የምቀምሰው።»

«ይኼ ስኳር ካልወረደ ቁስሉ አይድንም። ቁስሉ ካልዳነ ጣቱ ይቆረጣል። ያም ካልበቃ…» ብላ እጇን ወደ ቁርጭምጭሚታቸው አሳየች።

ጋሽ እንየው ክው አሉ። ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ልጆቻቸውም ጎረቤቶቻቸውም እየሰሙ «ይችን እግር ላተረፈልኝ ሰው፣ ማርያምን! የፈለገው ሰው ደጅ ድረስ ሄጄ በዚህችው እግሬ እቆምለታለሁ!» ብለው ማሉ። የሽማግሌ መሐላ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው መሐላ በማግስቱ አይረሳም፤ የሰማው ሁሉ ይጠብቀዋል።

መጀመሪያ የተጠረጠሩት እትዬ የሻረግ ናቸው። ባል ሲታመም መቼም ሚስት ናት የምትከሰሰው። «ደብቃ ስኳር ታልስሃለች» አሉ የጋሽ እንየው እህት። እትዬ የሻረግ ስኳሩን ከቤት አወጡት፣ ማሩን ለጎረቤት ሰጡት፣ ሻዩን ያለ ምንም አቀረቡ። ስኳሩ ግን ቤቱን ለቀቀ እንጂ ጋሽ እንየውን አልለቀቀም።

ጋሽ እንየው ሦስት ልጆች ነበሯቸው። የመጀመሪያው ደምለው ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ዓይኑ የሰላ፣ አሸዋ የምታህል ብሎን ጠፍታ የማታመልጠው። ሁለተኛዋ የዝና የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ ልቧ የሰላ፣ አንዴ የያዘችውን ጥያቄ የማትለቅ። የመጨረሻው ስሜነህ ደግሞ… ምን ልበላችሁ… ሆዱ የሰላ ነው። ልጅ ሆኖ ክርስትና ቤት ይዘውት ሲሄዱ ባለቤቶቹ እንጀራ ይቆጥሩ ነበር ይባላል።

ደምለው ዓይን ይዞ መጣ። ሱቁ ከሚመጡ ደንበኞች እንደሰማው አንድ መሣሪያ አለ፤ የጠርሙስ ክዳን የምታህል፣ ክንድ ላይ የምትለጠፍ፣ ፀጉር የሚያህል ክር ከቆዳ ሥር ሰዳ በየጥቂት ደቂቃው ስኳር ስንት እንደደረሰ ለስልክ የምትናገር። ደጀን ላይ የለችም፤ ደብረ ማርቆስም የለችም። አንዲት መንገደኛ ሻንጣዋ ውስጥ ጥቂት እንደያዘች፣ እሷም አዲስ አበባ ላይ እሑድ ጠዋት ብቻ አርፋ እንደምታልፍ ተነገረው። ያ እሑድ ደግሞ ደምለው ሊያገባት ለሚፈልጋት ለአስናቁ ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ነበር። አባቱ በታመመ እግራቸው መቆም ስላልቻሉ አጎቶቹን ሰብስቦ ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። «አንድ ሳምንት ይዛወር» ብሎ ላከና መሣሪያዋን ሊያመጣ በረሃውን ወረደ። የአስናቁ አባት አቶ ገረመው ግን «የእኔን ልጅ የፈለገ ቀን አያዛውርም!» ብለው ተቆጡ። በዚያው እሑድ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ደጃቸው ላይ ቆመው ተገኙ። ደምለው መሣሪያዋን ይዞ ሲመለስ አስናቁ ከእጁ ወጥታ ነበር።

መሣሪያዋ በጋሽ እንየው ክንድ ላይ ተለጠፈች። ከተማው ወዲያው አያት። አንድ የዕድሜ እኩያቸው «ክታቡ የየትኛው ደብተራ ነው? ለእኔም ወገብ ይጻፍልኝ» አላቸው።

«የባሕር ማዶ ደብተራ ነው» አሉ ጋሽ እንየው። «ጋኔን አያወጣም፤ ያሳብቃል እንጂ።»

ማሳበቅማ አሳበቀች። ስኳር ከልክ ሲያልፍ ስልኩ ይጮኻል። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት መሃል ኡኡ ብሎ ጮኸባቸውና አልቃሿ ግጥሟ ጠፋባት። ጋሽ እንየው ስልኩን ኪሳቸው ውስጥ ቢያፍኑት፣ በጋቢ ቢጠቀልሉት፣ ቢቀመጡበት አልተወም። ደምለው ደግሞ የስልኩ ወሬ በእህቱ በየዝና ስልክም ላይ እንዲታይ አድርጎት ነበር። ደምለው ማየት አይቷል፤ ያየው ምን እንደሆነ ግን አልገባውም። «ይወጣል ይወርዳል» ከማለት በቀር።

የዝና ደግሞ ልብ ይዛ መጣች። ለተማሪዎቿ የተራራ ከፍታ ስታስነብብ የኖረች ሴት ናት፤ የአባቷ ስኳር ስልኩ ላይ የሣለውን መስመር እንደ አገር አነበበችው። «ይኼ ሜዳ ነው፣ አባዬ እንቅልፍ ላይ ነው። ይቺ ኮረብታ የእማዬ ምሳ ናት፤ ደህና ኮረብታ ናት፣ ሰው አትጎዳም። ይኼስ?» አለች ጣቷን እየቀሰረች። «ይኼማ ጮቄ ተራራ ነው! ኧረ ደመና ሁሉ ይይዛል! አባዬ፣ ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ምን በላህ?»

«ምንም።»

«የት ነበርክ?»

«ሠርግ ቤት። ግን እጄን እንኳ አልታጠብኩም።»

«አፍህስ?»

«አጎረሱኝ እንጂ እኔ መች በላሁ!»

የዝና ስልኩን አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ «ማን ማን አጎረሰህ?» አለች።

«እንግዲህ ሙሽሮቹ አሉ። እናቶቻቸው አሉ። አባቶቻቸው ሊያኮርፉ ነው? ሚዜዎቹም ልጆቼ ናቸው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለም እንዴ? ማንም ከሁለት በታች አላጎረሰኝም።»

«የጠጣኸውስ?»

«ጠጅ በደጄ አላለፈም! ሐኪም ከልክላኝ የለ? ብርዝ ነው የጠጣሁት።»

«አባዬ፣ ብርዝ እኮ ማር በውኃ ነው!»

«አያሰክርማ!» አሉ ጋሽ እንየው፣ ከልባቸው ተገርመው።

እዚህ ላይ አትፍረዱባቸው። ሰውየው ዋሽተው አይደለም። በእሳቸው ቤት በላ የሚባለው እጁን ታጥቦ፣ መሶብ ቀርቦለት፣ በገዛ እጁ የቆረሰ ሰው ነው። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ፍቅር ደግሞ ማን ቆጥሮ ያውቃል? ሠርግ በመጣ ቁጥር ባጋቧቸው ሰዎች ዳስ ሥር እየተቀመጡ፣ አፋቸውን እየከፈቱ፣ «ምንም አልበላሁም» እያሉ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። የበሉት ሁሉ በሰው እጅ የገባ ስለሆነ በእሳቸው ላይ የሚቆጠር አይመስላቸውም ነበር።

እትዬ የሻረግ ይኼን ሲሰሙ ማማሰያቸውን ጥለው አለቀሱ። «ስንት ጊዜ ሙሉ ባሏን ስኳር ታበላለች ስባል! ለካ አገር ነው ያበላህ!» አሉ። ጋሽ እንየው አፈሩ። ሚስታቸው ስትታማ ዝም ማለታቸው ከጣቱ ይልቅ ቆረቆራቸው።

የዝና በዚህ አልቆመችም። ጎመኑንና ሥጋውን አስቀድማ፣ እንጀራውን አሳንሳ አስከትላ ስታበላቸው ኮረብታዋ ዝቅ አለች። ከበሉ በኋላ እንዲራመዱ እግሩ አይፈቅድም፤ ስለዚህ «እግርህ ይረፍ፣ እጅህ ይሥራ» ብላ የእናቷን የወተት ቅል ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። የደጀን ዋና ሽማግሌ ከምሳ በኋላ ወተት ሲገፉ ታዩ! ሰው እየሳቀ ሞተ፤ ስኳሩ ግን ወረደ፣ ቅቤውም ወጣ። አንድ ቀን ደግሞ ከምሳ በኋላ ጋደም ባሉበት ስልኩ «ስኳር አለቀ!» ብሎ ጮኸ። እትዬ የሻረግ ደንግጠው ከጎረቤት ያስመለሱትን ማር በእንቅልፍ ልባቸው አፋቸው ውስጥ አፈሰሱባቸው። ወዲያው ጮቄ ተራራ ተመልሶ መጣ። የዝና ነች ነገሩን የደረሰችበት፤ ለካ ሰውየው በግራ ክንዳቸው ባለችው መሣሪያ ላይ ተኝተውባት፣ ተጨፍልቃ ነው ውሸት የተናገረችው። ከዚያ ወዲያ በቀኝ ጎናቸው እንዲተኙ ታዘዙ።

ይኼ ሁሉ ሲሆን የዝና ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ አባቷ ቤት ነው፤ ከአባቷ ቤትም ስልኩ ላይ አቀርቅራ ነው። ባሏ መኳንንት መጀመሪያ ታገሠ፣ ቀጥሎ አጉረመረመ። «የአባትሽን ስኳር ከእኔ ፊት በላይ ታውቂዋለሽ» አላት። እሷም የስልኩን መስመር እያየች «እህ» አለችው። «እህ» የምትል ሚስት ደግሞ ባል ታስኮበልላለች፤ መኳንንት ልብሱን ሰብስቦ ቢቸና እናቱ ቤት ገባ።

አሁን ምክንያቱ ታወቀ። ማወቅና መተው ግን ለየቅል ናቸው። ጋሽ እንየው አንድ ሠርግ ላይ ደፍረው «ስኳር አለብኝና ጉርሻው ይቅርብኝ» ቢሉ የሙሽራዋ እናት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያጋባ ሽማግሌ ጉርሻ ከመለሰ ትዳሩን መረቀ ማን ይላል? ጋሽ እንየው የሰው እንባ አይችሉም፤ አፋቸውን ከፈቱ፣ ስልኩም ጮኸ። ቤት ሲመለሱ ቁስሉ እንደገና እዥ ቋጥሮ ነበር። ፈሩ። በሕይወታቸው ደጅ ላይ ሲቆሙ ፈርተው የማያውቁ ሰው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን እያዩ ፈሩ።

ያን ጊዜ ስሜነህ ሆዱን ይዞ መጣ። «አባዬ፣ አፍህ እኔ እሆናለሁ» አለ።

የዝና «አንተማ ምን ገዶህ!» ብላ ሳቀችበት።

«እኔ ሌላ ምን አለኝ?» አላት። «ደምለው ዓይን ሰጠ፣ አንቺ ልብ ሰጠሽ። እኔ ያለኝን ነው የምሰጠው።»

በሚቀጥለው ሠርግ አባቱ ጎን ተቀመጠ። ጉርሻ ሲመጣ ጋሽ እንየው የአጉራሿን እጅ ነካ አድርገው «እጅሽ ይባረክ፤ ለልጄ አሻግሪልኝ» ይላሉ፣ ስሜነህ ይቀበላል። ሰዉ ወደደው። ስልኩም ጸጥ አለ፤ የዝና ቤቷ ሆና «ሜዳ! ሜዳ ነው!» እያለች ለብቻዋ ትጨፍር ነበር። ስሜነህ በመጀመሪያዎቹ ሠርጎች ገነት የገባ መስሎት ነበር። የጥር ወር ግን ረጅም ነው፣ ጋሽ እንየው ያጋቡት ሰውም ብዙ ነው። ጥቂት ቆይቶ ከዳስ ሲወጣ ደጋፊ ይፈልግ ጀመር። አንድ ቀን እናቱ ራት ቢያቀርቡለት «በቃኝ» አለ። እትዬ የሻረግ ይኼን ቃል ከልጃቸው አፍ ሰምተው ስለማያውቁ ጠበል ሊወስዱት ተነሡ።

ከዚያ የአቶ ይርሳው ቤት ሠርግ ደረሰ። አቶ ይርሳው የትብለጥ አባት ናቸው፤ ትብለጥ ደግሞ የስሜነህ እጮኛ ናት። የሚዳረው ታላቅ ወንድሟ ነው። አቶ ይርሳው የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ጉርሻ፣ ዶሮውን ከነእንቁላሉ ጠቅልለው መጡና «እንየው፣ የሰፈሩን ወግ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ሌላ አፍ አላውቅም፤ ከእጄ ወደ አፍህ!» አሉ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጋሽ እንየው ምራቃቸውን ዋጡ። ቅቤው በአቶ ይርሳው ክንድ ላይ ይወርዳል። ስንት ሳምንት ሙሉ ጎመን አስቀድመዋል! «አንድ ጉርሻ ጣት አያስቆርጥም» አሉ በልባቸው፤ ዓይናቸውን ጨፈኑና አፋቸውን ከፈቱ። ጉርሻው ከንፈራቸውን ነክቶ ነበር። ስሜነህ ዘልሎ ከአባቱ ጥርስ መሃል ነጠቀውና ዋጠው።

አዝማሪው ማሲንቆውን አቆመ።

«ከአባቱ አፍ የነጠቀ» አሉ አቶ ይርሳው፣ «ነገ ለልጄ ምን ያስተርፍላታል?» በማግስቱ የትብለጥ ቀለበት ተመለሰ።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «አባቱን አዳነ» አለ። ግማሹ «የዶሮው ሽታ አስቶት ነው» አለ። ጋሽ እንየው ራሳቸው ልጃቸውን ለብቻው ጠሩና «እውነቱን ንገረኝ» አሉት። ስሜነህ አንገቱን ደፍቶ «ሁለቱም ነው አባዬ» አለ።

ወራት አለፉ። ቁስሉ ደረቀ፣ ቆዳውም ገጠመ። ዶክተሯ የሦስት ወሩን ምርመራ ስታይ ከወንበሯ ተነሣችና «አባቴ፣ ማን ነው ይኼን የሠራው?» አለች።

«እሱን እኮ ነው እኔም የምጠይቀው» አሉ ጋሽ እንየው።

«አሁን ግን አንድ ነገር። ይኼ እግር ዳነ እንጂ እንደ ድሮው አልሆነም። ረጅም ሰዓት ከቆሙበት ይከፈታል፣ እርስዎም አይሰማዎትም። ደጅ መቆም ከእንግዲህ የለም።»

«ምያለሁ ልጄ! ማርያምን ብዬ!»

«ስንት ደጅ?»

«አንድ።»

ዶክተሯ እግሩን መልሳ አገላብጣ አየችው። «አንድ» አለች። «የመጨረሻ። ከዚያ በኋላ ተቀምጠው ያስታርቁ።»

ጋሽ እንየው ደስ ብሏቸው ቤት ገቡ። ደስታቸው ግን ከደጃፉ አላለፈም፤ ሦስቱም ልጆች ተቀምጠው ይጠብቋቸው ነበር።

ደምለው ተነሣ። «አባዬ፣ የአስናቁ አባት ለእነዚያኞቹ ገና ቃል አልሰጡም። ‹እንየው መጥቶ ከቆመ እሰማለሁ፣ ለሌላ ሽማግሌ ግን በሬን አልከፍትም› ብለዋል። እኔ መሣሪያዋን ባላመጣ ኖሮ እናንተ እስካሁን ስኳር ስትደብቁ ነበር። በዚያ እሑድ ላንተ ወርጄ ነው አስናቁን ያጣሁት።»

የዝና ተነሣች። «አባዬ፣ የመኳንንት እናት ‹አባትሽ ራሱ ደጄ ላይ ካልቆመ ልጄን አልመልስም› ብለዋል። መሣሪያዋስ ጮኸች፤ መጮኽ ማንን አዳነ? ጉርሻውን ያገኘሁት እኔ፣ ብርዙን ያገኘሁት እኔ፣ የእማዬን ስም ያጠራሁት እኔ። ያንተን መስመር ሳነብ ነው ትዳሬ የፈረሰብኝ።»

ስሜነህ ለመነሣት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት፤ ሆዱ ከብዶታል። «አባዬ፣ አቶ ይርሳው ‹እንየው በገዛ እግሩ መጥቶ ደጄ ካልቆመ ልጄን አልሰጥም› አሉ። አይተህ ነበር፣ አውቀህም ነበር፤ አፍህን ግን ከፈትህ። ያን ጊዜ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ትብለጥን የከፈልኩት በዚያች ጉርሻ ነው።»

ጋሽ እንየው ሰውን ሁሉ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው፣ በገዛ ቤታቸው አስታራቂ ፈላጊ ሆኑ። «ሌላ ሽማግሌ ብልክስ?» አሉ። አይሆንም፤ ሦስቱም ቤቶች የጠሩት እሳቸውን ነው። «ተቀምጬ ብለምንስ?» ሰው ይስቅባቸዋል፤ ተቀምጦ የሚለምን ሽማግሌ እንግዳ እንጂ አማላጅ አይደለም። «ሦስቱን ባለቤቶች አንድ ደጅ ላይ ብሰበስብስ?» አቶ ገረመውና አቶ ይርሳው በአንድ ድንኳን ሥር ለቅሶ እንኳ አይቀመጡም። የሰው ልጆች ሁሉ ትዳር በእሳቸው እግር ቆሞ፣ የገዛ ልጆቻቸው ትዳር ደግሞ በእሳቸው አፍ ፈረሰ። ይኼን ሲያስቡ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ጎረቤት ገብቶ ፍርድ ጀመረ። አንዱ «ዓይን ባይኖር ምን ይታይ ነበር? ለደምለው ነው» አለ። ሌላው «ዓይንማ ድንጋይም ያያል፤ ያወቀ ነው ያዳነ። ለየዝና ነው» አለ። ሦስተኛው «አውቆ የሞተ ስንት አለ! አደጋው ከንፈር ላይ ሲደርስ ማን ነበር? ለስሜነህ ነው» አለ። «ስሜነህማ በልቶ ነው ያዳነ፤ መብላት ከመቼ ወዲህ ውለታ ሆነ?» አለ አራተኛው። «አንተ ያን ሁሉ ብላና እንይህ!» ተባለ። ጭቅጭቁ ሲበዛ እትዬ የሻረግ «ለማንም ባይቆም ሦስቱ ያለቅሳሉ፣ ለአንዱ ቢቆም ሁለቱ ያለቅሳሉ። ስለዚህ ይሂድ። ወዴት እንደሚሄድ ግን እኔን አትጠይቁኝ፤ እኔ የሦስቱም እናት ነኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ ጓዳ መለሱ።

እሑድ ጠዋት ጋሽ እንየው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ከግቢያቸው ወጡ። ከደጃፋቸው ፊት መንገዱ ሦስት ይሆናል። ሽቅብ የሚወጣው ወደ አስናቁ ቤት ነው። ወደ መናኸሪያው የሚሄደው ቢቸና ያደርሳል፣ መኳንንት ወዳለበት። ቁልቁል የሚወርደው ወደ ትብለጥ ነው። ሦስቱ ልጆች አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ አንዳቸውም አባታቸውን ቀና ብለው አያዩም። ጋሽ እንየው አንድ ጊዜ ብቻ መቆም የሚችለውን እግራቸውን አነሡ።

እኔ ያየሁት እስከዚህ ነው። ተረቴን ስጨርስ አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልላችሁም፤ ዳቦውም ያው ጮቄን ያስወጣል። ፍርዳችሁን ብቻ ስጡኝ፦ መሣሪያዋን ያመጣው፣ ምክንያቱን ያገኘችው፣ ወይስ ጉርሻውን የነጠቀው? የጋሽ እንየው የመጨረሻ እግር የሚገባው ለማን ነው?